ለግጥም ክበብ የወሩን ርእሰ ጉዳይ ስለ መምረጥ

በየትምህርት ቤቱ የሚቋቋሙ የሥነ ጽሑፍ ክበቦች ብዙውን ጊዜ በወር አንድ ቀን ተሰብስበው አባሎቻቸው የጻፏቸውን ግጥሞች ያነባሉ። ለሚቀጥለው ወር ሁሉም የሚጽፉበትን አንድ ርእሰ ጉዳይ ወስነው ይለያያሉ። ይህ ውሳኔ እንደ ቀላል ነገር ስለሚቆጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በስብሰባው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ደብተሩን ሰብስቦ ለመነሣት ሲዘጋጅ ነው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ስለ ፍቅር ይሁን» ይላል፤ ሌሎቹም ይስማማሉ። የውሳኔው ጉድለት የሚታወቀው ከወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ግጥሞች ይነበባሉ፤ ነገር ግን ሃያውም እንደ አንድ ግጥም ይመሳሰላሉ።

ጥፋቱ የገጣሚዎቹ ብቻ አይደለም። ርእሰ ጉዳዩ በደንብ ያልታሰበበት በመሆኑ የሚያዩትን ነገር ሳይሰጣቸው ቀርቷል። በዚህ ምንባብ የአንድ ወር ርእሰ ጉዳይ ምን ዐይነት መሆን እንደሚገባው፣ እንዴትስ እንደሚመረጥ እንመለከታለን። ለማስረጃነት ደሴንና ኮምቦልቻን እንወስዳለን፤ የግጥሙም ዐይነት በጃፓኖች ሥርዓት የሚጻፈው አጭር ግጥም ይሆናል። አጭር ግጥም የተመረጠበት ምክንያት፣ ርእሰ ጉዳዩ የተበላሸ እንደ ሆነ ስሕተቱን የሚሸፍን ተጨማሪ ስንኝ ስለሌለው ነው።

1. ርእስ፣ ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ

እነዚህ ሦስት ቃላት ዘወትር ሲምታቱ ይታያል። ርእስ በግጥሙ አናት ላይ የሚጻፈው መጠሪያ ነው። ርእሰ ጉዳይ የሚጻፍበት ነገር ነው። ጭብጥ ደግሞ ገጣሚው ስለዚያ ነገር ያገኘውና ለአንባቢው የሚያስተላልፈው ዋና ሐሳብ ነው።

ለምሳሌ ያህል «ዳገት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያውቃል። ዳገት ለግጥም ርእሰ ጉዳይ ሆኖ ቢሰጥ አንዱ ተማሪ ስለ ጫነ የጭነት መኪና ጽፎ «ሸክም ያለበት ቀስ ይላል» ወደሚል ጭብጥ ይደርስ ይሆናል። ሌላዋ ተማሪ ውሃ ቀድታ ስለምትመለስ ሴት ጽፋ «ዳገት ለሁሉም እኩል አይደለም» የሚል ጭብጥ ታገኝ ይሆናል። ርእሰ ጉዳዩ አንድ ነው፤ ጭብጡ ግን ሁለት ሆኗል።

እንግዲህ ክበቡ የሚመርጠው ርእሰ ጉዳዩን ብቻ ነው፤ ጭብጡን መፈለግ የገጣሚው ፈንታ ነው። «የእናት ፍቅር ወሰን የለውም» ወይም «ሥራ ክቡር ነው» የሚል ነገር ለወሩ ቢሰጥ የተሰጠው ርእሰ ጉዳይ ሳይሆን መደምደሚያ ይሆናል። መደምደሚያው አስቀድሞ የተነገረው ገጣሚ ሊያገኘው የሚችል ነገር ስለማይቀርለት የተባለውን በስንኝ ከመድገም ሌላ ሥራ የለውም።

2. አስቀድሞ የሚሰጥ ርእሰ ጉዳይ በጃፓንና በአገራችን

አንዳንድ ሰዎች «ግጥም ከልብ የሚመነጭ ነው፤ ርእሰ ጉዳይ ተሰጥቶ አይጻፍም» ይላሉ። ይህ አባባል ከልምድ ጋር አይስማማም።

ጃፓኖች ሃይኩ የሚሉት አጭር ግጥም 17 ድምፆች ያሉት ሆኖ 5፣ 7፣ 5 እየሆነ በሦስት ይከፈላል። ታንካ የሚባለው ከሃይኩ በዕድሜ የሚበልጠው ግጥም ደግሞ 31 ድምፆች አሉት፤ አከፋፈሉም 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7 ነው። ከ1644 እስከ 1694 እ.ኤ.አ. የኖረው ማትሱዎ ባሾ ለዚህ አጭር ግጥም ታላቅ ክብር ያስገኘለት ገጣሚ ነው። ከ1867 እስከ 1902 እ.ኤ.አ. የኖረው ማሳኦካ ሺኪ ደግሞ ሃይኩ የሚለውን ስም አስለምዶ፣ ገጣሚው በዐይኑ ያየውን እንደ ሠዓሊ እንዲነድፍ አስተማረ።

የሃይኩ ገጣሚዎች ኩካይ በሚባል ጉባኤ ይገናኛሉ። ለጉባኤው አንዳንድ ጊዜ ርእሰ ጉዳይ አስቀድሞ ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜም እዚያው በተቀመጡበት ይሰጣል። ሁሉም ግጥሙን ያለ ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቶቹ ይቀላቀላሉ፤ የእጅ ጽሑፉ ጸሐፊውን እንዳያስታውቅም በሌላ ሰው እጅ ይገለበጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የወደደውን ይመርጣል፤ የግጥሙም ባለቤት የሚታወቀው ግጥሙ ተመርጦ ከተነበበ በኋላ ነው።

በጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥትም በየዓመቱ መጀመሪያ የታንካ ንባብ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ለዚህ በዓል የሚሰጠው ርእሰ ጉዳይ አንድ ቃል ሲሆን ቃሉ በግጥሙ ውስጥ መግባት አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ቃል «መስኮት»፣ በ2023 «ጓደኛ»፣ በ2025 ደግሞ «ሕልም» ነበር። ሕዝቡም ከየአገሩ ግጥም ይልካል። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከገበሬ እስከ ምሁር ሁሉም መስኮትን ያውቃል፤ ነገር ግን ሁሉም የቆመበት መስኮት የተለየ ነው። የዚህ ዐይነቱ ምርጫ ጥቅም ይህ ነው።

ልማዱ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በኋላም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ቅኔው የሚመሠረትበትን ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዕለቱ ነው፤ ይኸውም የቀኑ በዓል ወይም የሚታሰበው ቅዱስ ነው። ተማሪው ነጻነቱን የሚያገኘው በሰሙ ላይ ነው። ወርቁ ለሁሉም አንድ ሲሆን ሰሙን አንዱ ከእርሻ፣ ሌላው ከንግድ፣ ሌላው ከአደን ያመጣዋል።

በወሎ የታወቀው መንዙማም እንዲሁ ነው። እንደ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ሊቃውንት በአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል። የነቢዩ ልደት በሚከበርበት በመውሊድ ሌሊት የሚዜመው ምስጋና ጉዳዩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጉዳዩ አንድ በመሆኑ ግን አድማጩ አልሰለቸም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እያንዳንዱ ሊቅ እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ለመስማት ይጓጓል።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ የተሰጠ ርእሰ ጉዳይ ችሎታን የማያግድ መሆኑን ነው። የሚያግደው ያላግባብ የተመረጠው ነው።

3. ወቅትና ቦታ

ሃይኩ በልማድ የወቅት ቃል ይፈልጋል። የወቅት ቃል ማለት ሲጠራ ብቻውን የዓመቱን ጊዜ የሚያስታውስ ቃል ነው። ጃፓኖች እነዚህን ቃላት በጸደይ፣ በበጋ፣ በመኸር፣ በክረምትና በአዲስ ዓመት ከፍለው በመዝገብ አስፍረዋል። በነርሱ ዘንድ «ጨረቃ» ያለ ቅጽል ከተጠራች የመኸር ጨረቃ ናት። በእኛ አገር ግን ጨረቃ ስትጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው የረመዳንን መግባት ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር የወቅት መዝገብ እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

ኢትዮጵያም የራሷ የወቅት አከፋፈል አላት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ወሎ የሚኖር ገበሬ ዓመቱን የሚለካው ከዚህም በተጨማሪ በሁለት ዝናብ ነው። አንደኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጠበቀው በልግ ሲሆን ሁለተኛው የክረምቱ ዝናብ ነው። በደጋው የሚኖሩ ብዙ ገበሬዎች ተስፋቸውን የሚጥሉት በበልግ ላይ ስለሆነ «የየካቲት ደመና» የሚለው ሐረግ ለነርሱ ያለው ክብደት ሌላ ነው።

የቦታ ልዩነት ደግሞ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ አጭር ነው፤ አየሩ ግን ይለያያል። አንድ ክበብ ከሁለቱም ከተሞች አባላት አሉት እንበል። ለታኅሣሥ «ውርጭ» ተብሎ ቢሰጥ የደሴው ልጅ ጧት ሣሩ ላይ ያየውን ይጽፋል። የኮምቦልቻው ልጅ ግን ያላየውን ከመጽሐፍ ይለቅማል። ለግንቦት «ሐሩር» ተብሎ ቢሰጥ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል።

ለዚህ መፍትሔው ከሁለቱም ወገን የሚታይ ነገር መፈለግ ነው። ለምሳሌ የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል፤ ሁለቱም ልጆች ያውቁታል። ይሁንና በቅርብ ጊዜ ከወረኢሉ ወይም ከመቅደላ መጥቶ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ስለ ቦርከና የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ስለዚህ ከተጸውዖ ስም ይልቅ የወል ስም ይመረጣል። «ቦርከና» ከማለት «ወንዝ መሻገር» ማለት ይሻላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ወንዝ ይሻገራልና።

4. የቃሉ ዐይነት

በሰዋስው ትምህርት ተጨባጭ ስምና ረቂቅ ስም የሚባሉ እንዳሉ ተምረናል። ድንጋይ፣ ጀበና፣ ወንበር ተጨባጭ ስሞች ናቸው። ፍቅር፣ ሰላም፣ ተስፋ ረቂቅ ስሞች ናቸው። ለወሩ የሚሰጠው ርእሰ ጉዳይ በተቻለ መጠን ተጨባጭ ስም ይሁን። ምክንያቱን ከአንድ ገጠመኝ እንረዳ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ መምህር በነበረበት ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ «እናት» የሚል ርእሰ ጉዳይ ሰጥቶ ነበር። እናት የሚለው ቃል ራሱ ረቂቅ አይደለም። ነገር ግን የሚያስከትለው ምስጋና በሰው አፍ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ልጆቹ የጻፉት የራሳቸውን እናት ሳይሆን ያንኑ ምስጋና ሆነ። እናት ፀሐይ ናት፣ እናት ምሰሶ ናት፣ እናት ምትክ የላትም የሚሉ ግጥሞች ተደረደሩ። አንዲት ተማሪ ባዶ ወረቀት ሰጠች። መምህሩ በስንፍና ገምቶ ገሠጻት። እናቷ ልጅቱ ገና ሳትጠና የሞተች መሆኗን የሰማው ከቀናት በኋላ፣ ከጓደኞቿ ነው።

በሚቀጥለው ወር መምህሩ «መቀነት» የሚል ርእሰ ጉዳይ ሰጠ። በዚህ ጊዜ የመጡት ግጥሞች አንዱ ካንዱ አልተመሳሰሉም። አንዱ በመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ስለሚቀመጥ የቤት ቁልፍ ጻፈ። ሌላው ከገበያ መልስ ስለሚፈታ ሳንቲም ጻፈ። ሌላዋ በሥራ ብዛት መቀነቷን አጥብቃ ስለምታስር ሴት ጻፈች። ባዶ ወረቀት ሰጥታ የነበረችው ልጅ ደግሞ አያቷ የመቀነታቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈትተው የደብተር መግዣ ሲሰጧት ያየችውን ጻፈች። እናት የሚለው ቃል በግጥሟ ውስጥ አልነበረም፤ ሆኖም ካነበቧት ሁሉ ስለ እናትነት የበለጠ የነገረችው እርሷ ነበረች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጠባብ የሚመስለው ርእሰ ጉዳይ ብዙ ሰው ያስገባል፤ ሰፊ የሚመስለው ግን አንዳንዱን በር ላይ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ርእሰ ጉዳይ የሚመርጥ ሰው ማን ሊናገር እንደሚችልና ማን ዝም እንደሚል ሳያውቀው ይወስናል። ስለዚህ ምርጫው ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነው።

ከተጨባጭ ስሞችም መካከል ከአንድ በላይ ትርጉም ያላቸው ቃላት ይበልጥ ይጠቅማሉ። ቅኔ የለመደ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ቃል ቶሎ ያውቀዋል። «ገና» የሚለው ቃል ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው በዓል ነው፤ የበትር ጨዋታውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በሌላ በኩል «ገና ነው» ስንል ጊዜው አልደረሰም ማለታችን ነው። ለታኅሣሥ «ገና» ቢሰጥ ክርስቲያኑ ስለ በዓሉ፣ ሙስሊሙ ጓደኛው ስለሚጠብቀው ነገር፣ ሦስተኛው ስለ ጨዋታው ሊጽፍ ይችላል። ማንም ከደጅ አይቀርም።

«ጥላ» የሚለውንም ቃል እንመልከት። ጥላ የፀሐይ መከለያ ነው፤ ዝናብ የሚያስጥለውም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ለግንቦት ወር «ጥላ» ቢሰጥ የኮምቦልቻው ልጅ ፀሐይ የሸሸበትን ዛፍ፣ የደሴው ልጅ የበልግ ዝናብ ያመለጠበትን ጥላ ያነሣል። በየበኩላቸው እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ።

የዋርካ ጥላ
ሰዎቹ ቀድመው ሄዱ፤
በጎች ቀሩበት።

አንድ ጥላ ይዘን
ትከሻችን ረጠበ፤
እኔና እህቴ።

በእነዚህ ምሳሌዎች የተቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው። «የዋርካ ጥላ» ስድስት ፊደል ቢኖረውም ሳድሱ «ር» ከፊቱ ካለው «ዋ» ጋር አብሮ ስለሚነበብ «የ - ዋር - ካ - ጥ - ላ» ተብሎ አምስት ቀለም ይሆናል። ጀማሪ ተማሪ ግጥሙን ጮክ ብሎ በማንበብ መቁጠር ይገባዋል።

5. ከባድ ጉዳዮችን ስለ ማንሣት

ወሎ ብዙ መከራ ያየ አገር ነው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ብዙ ሰው አልቆበታል። ደሴና ኮምቦልቻም በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው ይማራሉ። ክበቡ እነዚህን ጉዳዮች ያንሣ ወይስ ይተው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

መተው ተገቢ አይደለም፤ ሰው ያየውን እንዳይጽፍ ማድረግ ግጥምን ማራቆት ነውና። «ጦርነት» ወይም «ረኃብ» ብሎ በቀጥታ መስጠት ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ችግሩን በሩቁ የሰማው ተማሪ ከዜና የለቀመውን ቃል እየደረደረ ሲጽፍ፣ በቅርብ ያየው ደግሞ ሳይፈልግ እንዲናገር ይገደዳል ወይም ዝም ይላል። ሁለተኛው፣ ከግጥሙ ይልቅ ክርክሩ ይበዛል።

ለዚህም የሚረዳው ተጨባጩ ቃል ነው። በጥቅምት ወር «በር» የሚል ርእሰ ጉዳይ ተሰጠ እንበል። ቤቱን ቆልፎ የተሰደደ ስለዚያ ቁልፍ ሊጽፍ ይችላል። ማስታወስ ያልፈለገ ስለ ሙሽራ አቀባበል ወይም ስለ ሱቅ መከፈት ይጽፋል። «ጎተራ» ቢሰጥ አንዱ ስለ ሞላው፣ ሌላው አያቱ ስለነገሩት ባዶ ጎተራ ይጽፋል። ሁለቱም በምርጫቸው ይሆናል። ኅዳር 12 ቀን በየመንደሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ስለ ወረርሽኝ ጻፉ ከማለት ይልቅ ለኅዳር «ጭስ» የሚለውን ቃል መስጠት፣ የዱሮውን መቅሠፍትም የዛሬውን ምድጃም ለሚያስታውስ ሁሉ ይበቃል።

በዓላትን በሚመለከትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእስልምና በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ወር ለዘለቄታው ሊመደቡ አይችሉም። በ2017 ዓ.ም. ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በየካቲት ወር ገብተው ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት «ማፍጠሪያ» ብሎ ለአንዱ ብቻ ከመስጠት «የጾም ማዕድ» ወይም «የምሽት እንጀራ» ብሎ መስጠት ሁለቱንም ቤት ያዳርሳል።

6. የአመራረጡ ሥርዓት

ከላይ የተገለጸውን በሥራ ላይ ለማዋል የሚከተለው ሥርዓት ሊረዳ ይችላል።

ሀ. ምርጫው በስብሰባው መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ይደረግ።

ለ. እያንዳንዱ አባል አንድ ቃል ወይም አጭር ሐረግ ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ያቅርብ። ስም ከሌለ ቃሉ የሚመዘነው በአቅራቢው ታዋቂነት ሳይሆን በራሱ ነው።

ሐ. በእያንዳንዱ ቃል ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ሁላችንም በዐይናችን አይተነዋል? ሁላችንም የምንለው አንድ ዐይነት ነገር እንዳይሆን በቂ ልዩነት አለው? ለመጻፍ የሚያሳፍረው ወይም የሚያሳምመው አባል ቢኖር በሌላ በኩል የሚገባበት መንገድ አለ?

መ. ጥያቄዎቹን ላለፉት ሁለት ወይም ሦስት ቃላት አጭር ሙከራ ይደረግ። አምስት ደቂቃ ተሰጥቶ ሁሉም አንድ ስንኝ ይጻፍ። ስንኞቹ በጣም ከተመሳሰሉ ቃሉ ይተው።

ሠ. የተመረጠው ቃል ያለ ማብራሪያ ይነገር። «ጥላ፤ ይኸውም ስለ ወላጆች ከለላነት» ተብሎ ከተተረጎመ ጭብጡ ተሰጠ ማለት ነው።

ረ. ቃሉ ከወሩና ከዓመቱ ጋር በመዝገብ ይጻፍ። የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ በመሆኑ በዓመት ዐሥር ቃል ይሰበሰባል። ክበቡ ዐሥር ዓመት ቢቆይ መቶ ቃል ይኖረዋል። ያን ጊዜ መዝገቡ የደሴና የኮምቦልቻ የወቅት መዝገብ ይሆናል፤ አዲስ የሚገቡት ተማሪዎችም ታላላቆቻቸው በየወሩ ምን ሲያዩ እንደኖሩ ከዚያ ይረዳሉ።

7. ማጠቃለያ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስተዋውቀዋል። ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት የሚጠቅመው የራሳችንን እንድናይ ሲረዳን ነው። ከጃፓኖች የምንወስደው የቼሪ አበባቸውን አይደለም፤ በአካባቢ ያለውን ትንሽ ነገር በስሙ ጠርቶ በትኩረት የማየት ልማዳቸውን ነው። ይህም ልማድ በቅኔ ቤትና በመንዙማ ጉባኤ ያደገ ሕዝብ ሊቀበለው የማይቸግረው ነው።

በአጭሩ፣ የወሩ ርእሰ ጉዳይ ተጨባጭ፣ አጭርና ለሁሉም የሚታይ ይሁን፤ መደምደሚያን ግን አይያዝ። ቃሉ ሲሰጥ አንድ አባል እንኳ በውስጡ «ለእኔ የሚሆን ቦታ የለም» ብሎ እንዳይቀር መታሰብ አለበት። ባዶ ወረቀት ሲመለስ ከተማሪው በፊት የሚመረመረው የተሰጠው ቃል ነው።

መልመጃ

1. በርእስ፣ በርእሰ ጉዳይና በጭብጥ መካከል ያለውን ልዩነት ከምንባቡ ውጭ በሆነ ምሳሌ አስረዱ።

2. ከሚከተሉት ቃላት የትኞቹ ለወር ርእሰ ጉዳይነት ይስማማሉ? የትኞቹስ አይስማሙም? ምክንያታችሁን በአንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ። እሸት፣ ነጻነት፣ ጀበና፣ «ትምህርት ብርሃን ነው»፣ ጦሳ፣ ጉም።

3. «ገና» እና «ጥላ» እንደሚባሉት ሁሉ ከአንድ በላይ ትርጉም ያላቸውን አምስት ስሞች ፈልጉ፤ እያንዳንዱንም በሁለት ትርጉሙ በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

4. ከመስከረም እስከ ሰኔ ላሉት ዐሥር ወራት በምትኖሩበት አካባቢ የሚታዩ ዐሥር የወቅት ቃላት መዝግቡ። ከዚያም አንዱን መርጣችሁ 5፣ 7፣ 5 ቀለም ያለው ግጥም ጻፉ።